ጋቢ የለበሰ ሞተር

ክረምቱን ሙሉ ሞተሬን ጋቢ አልብሼው ከረምኩ። ከወንዝ እየሳበ ድንቼን የሚያጠጣልኝ ያረጀ ትንሽ የውኃ መሳቢያ ነው። የእንጅባራ ብርድ ለሰው ያልራራ ለብረት ይራራል ወይ ብዬ አሮጌ ጋቢዬን አጥፌ ደረብኩለት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ለኔ አንድ ቀን እንዲህ ደርበህልኝ አታውቅም" አለች።

"አንቺን ለማስነሣት ገመድ መሳብ የለብኝማ" አልኳትና በራሴ ቀልድ ራሴው ሳቅሁ። ጋቢው እርጥበቱን ሁሉ ጠጥቶ ሞተሩን ሲያዝገው እንደ ከረመ ያወቅሁት በበጋ ነው።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለው ድንቻችን አብቧል። ያን ጊዜ ውኃ ካጣ ከሥሩ የሚወጣው ጠጠር ነው። ወንዙ ስለ ቀጠነ በተራ እንስባለን፤ የኔ ተራ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። ካለፈ፣ ዞሮ እስኪመጣ ድንቹ አይጠብቅም።

የማስነሻ ገመዱን ብስበው ልፍስፍስ ብሎ መጣ። ክዳኑን ፈትቼ ባይ አንደኛው ቫልቭ ዝጎ ክፍት እንደሆነ ቀርቷል፤ ንቅንቅ አይልም። ቫልቩ የማይዘጋ ሞተር ጥርስ እንደሌለው ሰው ነው፤ ያፏጫል እንጂ አያኝክም። ይህን የማውቀው ከራሴ አፍ ነው።

በቫልቩ ዘንግ ዙሪያ ነጭ ጋዝ ጠብ አደረግሁ። ጠበቅሁ። በመዶሻው እጀታ ቀስ እያልኩ መታ መታ፣ በፒንሳ ይዞ ግራ ቀኝ ማዞር፣ ደግሞ ጋዝ። ጉልበት ከበዛበት ይጣመማል፤ የዚህ ሞተር መለዋወጫ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። ከኔ ቀጥሎ ባለ ተራ የሆነው ጎረቤቴ ዳር ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ሊከራይ ያሰበው ሞተር ከከተማ አልመጣለትም።

"አያ፣ ነፍስ አባቱን ልጥራለት?" አለኝ።

"መጀመሪያ ላንተ ይምጡ።"

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ቫልቩ ትንሽ ወረደ፣ ትንሽ ወጣ። ደግሞ ጋዝ። በመጨረሻ ስፕሪንጉ ጎተተውና ቷ ብሎ ዘጋ። ቀና ስል ተራ አስከባሪው፣ የውኃ አባት የምንለው ጎልማሳ፣ ፊቴ ቆሟል።

"አባባ፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል።"

"ሞተሩ ተበላሽቶብኝ ነው እኮ። ይኸው አሁን ተስተካከለ።"

"ሞተር ተበላሸ ማለት ምክንያት አይሆንም ብለው ያስወሰኑት እርስዎ ነዎት።"

እውነቱን ነው። ያኔ የኔ ሞተር ደህና ነበር፤ የሚበላሸው የሰው ነበር። በስብሰባው ላይ ስናገር አምሮብኝ ነበር አሉ።

ጎረቤቴ ልብሱን እያራገፈ ተነሣ። "እንግዲህ ሞተሩን አውሰኛ፣ አያ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ሞተሩ ሲነሣ ሳልሰማው ቤት መግባት አልሆነልኝም። ገመዱን ራሴ ሳብኩት፤ ተነሣ። ቱቦው በኔ ድንች መሐል አልፎ የሱን ሲያጠጣ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ድምፁን ሳደምጥ ዋልኩ።

ማታ ባለቤቴ፣ "ጠጣ?" አለችኝ።

"ሞተሩ ሠራ።"

"የጠየቅሁህ ድንቹን ነው።"

ቁፋሮው ሲደርስ ከኛ ማሳ የወጣው ድንች ከዶሮ እንቁላል ያንሳል። ጎረቤቴ ለውለታህ ብሎ ከሱ አንድ ቅርጫት ላከልኝ። ባለቤቴ ቀቅላ አቀረበችና ስበላ ቁጭ ብላ አየችኝ። ዱቄት የመሰለ፣ የሚጥም ድንች ነው። ደገምኩ። ጋቢውን አጥባዋለች፤ ዝገቱ ግን አልለቀቀም። እሱኑ ለብሼ ነው የበላሁት።