«ጃጅቷል» አሉት

እኛ ቴፒ ሰው ስም ሲጠፋው፣ የገዛ ቤቱ በር ሲምታታበት «ጃጅቷል» ይሉታል፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ይህችን ቃል እንደጠላሁ ነው የምሞተው። አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር፤ ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ መድረቁን የሚለይ ሰው። አንድ ዓመት በለቀማ ወቅት እርጥቡን ከደረቁ ቀላቀለው። ቤተሰቡ ምን ነካው ብሎ እንደመጨነቅ ሚዛኑን ከእጁ ቀማው።

ሐኪም ቤት ልውሰደው ስል ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ሳቀብኝ።

«ጋሼ ጃጅቷል። ለእርጅና ደግሞ ምን መርፌ አለው?»

አባቴ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል። እንደ ሰው የቆጠረው ግን የለም። እልህ ይዞኝ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ድረስ ወሰድኩት፤ ሐኪሙም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «የዕድሜ ነው» አለኝ። ተምሮም ያው! እስከ ቴፒ ስበግን ተመለስኩ።

በሽታ መሆኑን የነገረኝ ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር የካምፓስ የባዮሎጂ መምህር ነው። አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት አለኝ፤ ቆሻሻ እየለቀሙ የሚበሉ ሕዋሳት። በዚህ በሽታ ጊዜ አንድ ዓይነት ፕሮቲን እየተጠራቀመ ያቅታቸዋል። ውጭ አገር የሚሞከረው መድኃኒት ቆሻሻው ላይ ይለጠፍና ዘበኞቹን ይጠራቸዋል። ከመጠን በላይ ከተቆጡ ደግሞ አንጎሉ ሊያብጥ፣ ሊደማም ይችላል።

«ለአባዬ ይሆነዋል?» አልኩት።

«ገና ሙከራ ነው። ይረዳል ብለው ተስፋ የሚያደርጉትም ገና ሲጀምረው ነው። አንዴ የሞተውን የአንጎል ክፍል ዘበኞቹም አያስነሱትም።»

ገና ሲጀምረው! ያኔ እኛ ምን እንሠራ ነበር? «ጃጀ» እያልን እንስቅ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለሁሉም ዘረገፍኩት። አጎቴ እጁን ከትሪው ሳያነሳ «ጋሼ ዘበኛ መች አጥቶ ያውቃል?» ብሎ ቀለደ። ቀጥሎም «መድኃኒቱ ቴፒ ይመጣል?» አለኝ።

«አይመጣም።»

«ታዲያ በሽታ አልሽው እርጅና፣ ምን ለውጥ አለው?»

በንዴት እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ። አባቴ ግን መብላቱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«በሽታ ነው ያልሽው?»

«አዎ አባዬ፣ በሽታ ነው።»

«ወባ የጣለኝ ጊዜ ሰፈሩ እንዳለ መጥቶ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር» አለ። «አሁን ታዲያ ለምን ጠያቂ የለኝም?»