የሁለት ፊርማ ካርዶች

ወርቅቱ ጉርሙ ምሥራቅ ጀርመን የኮምፒዩተር ትምህርቷን ጨርሳ አሰላ ስትመደብ፣ ከተማው ውስጥ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልነበረም። ወይ ጉድ! ሥራዋ የወረዳዎቹን የስንዴና የገብስ ምርት አጠናቅራ፣ ማሽኑ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ መላክ ሆነ።

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ማሽን የሚታዘዝባቸውን ቋንቋዎች፣ ፎርትራንን፣ ኮቦልን፣ አልጎልን፣ በአማርኛ የምንገልጽባቸው ቃላት ላውጣ ብላ ተነሳች። የትኛዋ ከየትኛዋ ተወለደች? የትኛዋ ከማን ተዋሰች? ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ፣ በካርዱ ላይ ቁርጥ ያለ ፍቺ። «‹ወለደች› የሚባለው እናቲቱ በዕድሜ ስትቀድምና የልጅቱ ሕግጋት አብዛኞቹ ከእሷ ሲመጡ ብቻ ነው።» እንዲህ ነው አጻጻፏ፤ ውልፍት የለም።

ይህ የሚገባው በአርሲ ምድር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጀርመን አብሯት የተማረው፣ አሁንም ቢሮ የሚጋራት ኃይለመስቀል። ደንብ አወጡ፦ ሁለቱም ያልፈረሙበት ካርድ ሳጥን አይገባም። አቤት ሲከራከሩ! ፒ ኤል ዋን የምትባለዋ ቋንቋ ከሦስቱም ስለወሰደች፣

«ሦስት እናት ያላት ልጅ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አንዷ ወለደቻት፣ ሁለቱ በጉዲፈቻ አሳደጓት። አንተ፣ አርሲ ተቀምጠህ ጉዲፈቻ ይጠፋሃል?»

ሦስት ቀን ተኳርፈው በአራተኛው ፈረመ። ወርቅቱ በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም።

በ1974 ዓ.ም. ኃይለመስቀል ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በፖስታ እንቀጥላለን ተባባሉ። መጀመሪያ ላይ ካርዶቹ ጠርዛቸው በክርክር ተሞልቶ ይመለሱ ነበር። ቀጥሎ አንድ መስመር ብቻ። ከዚያ ወዲያ ፊርማ፤ ሌላ ምንም። አንድ ቀን አከራይዋ ወይዘሮ ውድነሽ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ካርድ ስታገላብጥ አገኟት።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው?»

«ኧረ ደህና ነው እማማ፣ ኃይለመስቀል ተስማምቶልኛል።»

ግን አንብቦ ነው የሚፈርመው ወይስ እንዲያው? ይኸው ነገር እንቅልፍ ነሳት።

በመጨረሻ ተንኮል ሠራች። ፎርትራን ኮቦልን በሦስት ዓመት እንደምትበልጣት ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። «ፎርትራንን የወለደቻት ኮቦል ናት» ብላ ጻፈችና ላከች። አብደሻል ወይ እንዲላት ነው። ስድቡ ናፍቋት ነው እንጂ ሌላ ምን ፈልጋ!

ካርዱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ተፈርሟል። ከፊርማው በላይ ደግሞ፣ ከስንት ወር ዝምታ በኋላ፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቺ» የሚል ተጽፎበታል።

ወርቅቱ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው እያያት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።