ለሐኪሞቹ ብድግ ያልኩ ቀን

በሐኪሞች ቦርድ ጡረታ የወጣ ሰው ዐርፎ ይበላል ይባላል። ሐሰት ነው። በሕይወቴ አስተምሬአለሁ፣ ገብስ አጭጄአለሁ፣ ድንጋይ ፈልጬ ካብ ክቤአለሁ፤ እንደ በሽተኝነት ያለ አድካሚ ሥራ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በሽታው ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ይይዛል፣ ይለቃል። የከበደኝ መታመሜን ለማያውቀኝ ሰው ማሳየቱ ነበር።

ሕመሜ ሪህ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ከጣቶቼ ጀመረና ጉልበቴ ላይ ወረደ። ጠዋት ጠዋት ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። ሌሊቱን ሌላ ሰው ሲሠራበት አድሮ የመለሰልኝ ይመስል እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል ይፈታል። ከሰዓት በኋላ ያየኝ ሰው ጠዋት የነበርኩበትን ሁኔታ አያምንም፤ ጠዋት ያየኝም ከሰዓቱን አያምንም። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲወርድ ይጠናብኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያለ አንዳች ምክንያት ጨርሶ ይተወኝና ሳምንት ሙሉ እንደ ሰው እሆናለሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ሰው ትዕግሥት የለውም። በሽተኛ ወይ እንዲሞት ወይ እንዲድን ይፈለጋል።

ጊዜው የግምገማ ጊዜ ነበር። እኛ መምህራን በየወቅቱ ተሰብስበን ራሳችንንም ሌላውንም እንሄሳለን። በአንዱ ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ፣ ‹‹ጠዋት በሽተኛ፣ ከሰዓት ጤነኛ! ይኼ በሽታ የክፍለ ጊዜ ድልድል ያውቃል እንዴ?›› አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ አነጋገር ነበረች፣ እንዲያውም ቀናሁበት።

ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቀም። ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ።

‹‹መምህር፣ እንዲህ እየተባለ አይዘለቅም። ዞን ሄደህ ቦርድ ቅረብ። ሦስት ሐኪሞች ያዩሃል። መሥራት አይችልም ካሉ በጡረታ ትሰናበታለህ። ይችላል ካሉ ደግሞ ሁለተኛ አመመኝ ብለህ እንዳትመጣብኝ።››

ቀጠሮ ተያዘልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማላውቀው ፍርሃት ያዘኝ፤ ከምን እንደተሠራ ለማወቅም ጓጓሁ። ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ ስለ ሞት ፍርሃት የተጻፈውን አውቃለሁ። ደህና ቀንን ስለ መፍራት ግን የትም አላነበብኩም። ስነቃ ጣቶቼ ከታጠፉልኝ በደስታ ፈንታ እደነግጣለሁ፤ በቀጠሮው ቀንስ እንዲህ ብሆን? ጠበል ስሄድ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ማረኝ ልበል? ወይስ ከቀጠሮው በኋላ ማረኝ?

ከዚህ የባሰ ጥርጣሬም መጣ። ያ ባልደረባዬ እውነቱን ቢሆንስ? ሰው ሲያየኝ አብዝቼ የማነክስ ብሆንስ? ልፈትነው ወሰንኩ። በገበያ ቀን በሰው መሐል እየሄድኩ እግሬን ተከታተልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ከበጎች በቀር የሚያየኝ በሌለበት፣ እንዲሁ አደረግሁ። ያገኘሁት ውጤት ያልጠበቅሁት ነበር። ብቻዬን ስሆን እንደ ሽማግሌ ጎብጬ እየተጎተትኩ ነው የምሄደው። ሰው ብቅ ሲል ቀጥ እላለሁ፣ እርምጃዬም ይፈጥናል። ለካ ለዓመታት ሳስመስል የኖርኩት ጤናን ነው!

ይህን ማን እንዳስተማረኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ለመንገዱ ልሰናዳ እናቴ ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን አስር አለቃ ቀድሞኝ ተቀምጧል። በቀድሞው ጦር ውስጥ እያለ አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ ሰው ነው፤ በጡረታ ጉዳይ በአካባቢው ከሱ የበለጠ አዋቂ የለም።

‹‹ምርኩዝ ያዝ፤ የኔን እሰጥሃለሁ›› አለኝ። ‹‹ጺምህን አትላጭ። ሲጠይቁህ ቶሎ አትመልስ፣ መጀመሪያ አቃስት።››

‹‹አንተስ አቃስተህ ነበር?››

‹‹እኔማ ምን አስቃሰተኝ? ሱሪዬን ጠቅለል አድርጌ አሳየኋቸዋ! እግርህ የት ሄደ ብሎ የሚከራከር ሐኪም የለም። ያንተ ችግር፣ መምህር፣ ምንም አለመጉደልህ ነው።››

እናቴ ከጓዳ አጥባ ያነጣችውን ጋቢ ታቅፋ ወጣች። ‹‹ዝም በል አንተ አስር አለቃ! ልጄ ለማኝ ነው? ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ታጥቦ ነው የሚቀርበው።››

‹‹እትዬ፣ የሚሄደው እኮ ሊታመም ነው። ሚስት ሊጠይቅ አይደለም።››

‹‹ቢጠይቅስ እንዲህ ጎፍሮ ማን ይሰጠዋል?›› አለችና ወደኔ ዞረች። ‹‹ስማኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሲገቡ ተነሥ። እንዴት ነህ ሲሉህ አመስግን። በሽታውን በአፍህ አትጥራው። እነሱ ራሳቸው ያዩታል፤ ለዚያ አይደል የተማሩት?››

ሁለቱንም ላለማስቀየም በእናቴ ጋቢና በአስር አለቃ ምርኩዝ ሄድኩ። ጺሜን እናቴ እያየችኝ ተላጨሁ።

አውቶቡሱ በውርጩ ውስጥ ሲነሣ ጉልበቴ ተቆልፎ፣ ጣቶቼ አብጠው፣ የተሟላ በሽተኛ ነበርኩ። ቦርዱ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ቢሰበሰብ ኖሮ ያለ አንድ ጥያቄ ያሰናብተኝ ነበር። ሆስፒታሉ ስንደርስ ግን ተራ እስኪደርሰኝ የተሰጠኝ አግዳሚ ወንበር ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ ነው። ሙቀቱ ሲገባኝ ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲፈቱ ይሰማኛል። ተንፏቅቄ ጥላ ውስጥ ገባሁ። አንዲት ሴትዮ፣ ‹‹ወንድሜ፣ እዚህ ይሞቃል፣ ለምን ይበርድሃል?›› ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ምን ልበላት? አመስግኜ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ተጠርቼ ገብቼ ወንበር ያዝኩ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የውስጠኛው በር ተከፈተና ሦስቱ ሐኪሞች ገቡ፤ ከፊት ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ አሉ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላደረግሁትም፤ የመንዝ አስተዳደጌ ነው ያደረገው።

‹‹ኖር!›› ብዬ ብድግ አልኩ። ምርኩዜ ወለሉ ላይ ተንጋጋ።

‹‹በእግዜር፣ በእግዜር፤ ይቀመጡ›› አሉ ሽማግሌው። ‹‹እንዴት ነዎት?››

‹‹ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።››

‹‹ቤተሰብስ?››

‹‹ይመስገን፤ ሁሉም ደህና ነው።››

በዕድሜ ትንሹ ሐኪም ምርኩዜን አንሥቶ ሰጠኝና ፈገግ አለ። ‹‹ታዲያ ምን እንርዳዎት?››

ጣቶቼን አዩ፣ ጉልበቴን አጠፉ፣ ዘረጉ። ቀላል ሥራ ተሰጥቶት ይቀጥል፣ ከባሰበት ይመለስ አሉ። ጥፋቱን በነሱ ላይ አላደርገውም፤ ተነሥቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሁሉም ደህና ነው ያለን ሰው ምን ያድርጉት? ርዕሰ መምህሩን ቀላሉ ሥራ የትኛው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹‹እዚህ ቀላሉ ሥራ ማስተማር ነው፤ ሌላውማ ጥበቃና እንጨት ፈለጣ ነው›› አለኝ። ወደ ጥቁር ሰሌዳዬ ተመለስኩ።

በቀጣዩ ዓመት አውራ ጣቴ እንደተጣመመ ቀረ። እንደገና ቀጠሮ ተያዘ፤ ያው ጋቢ፣ ያው ምርኩዝ፣ ያው ክፍል። በሩ ሲከፈት ያው ሽማግሌ ከፊት ገቡ። ‹‹ኖር›› የሚለው ቃል ከንፈሬ ድረስ መጣ። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ። ከኔ የሚበልጥ ሰው ቆሞ ተቀምጬ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ፊቴ ተቃጠለ።

ሽማግሌው እዚያው ቆመው አዩኝ። ምርኩዙን አይደለም፣ ጣቴንም አይደለም፤ የነጣውን ጋቢዬንና የተላጨውን ፊቴን ነበር ያዩት። እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸው። እንዲህ ተሰናድቶ የመጣ ሰው ካልተነሣ ከባለጌነት እንዳልሆነ ያውቃሉ።

‹‹መነሣት አቃተዎት?›› አሉ ቀስ ብለው።

‹‹ተቸገርኩ፣ አባቴ።››

ጡረታዬ እዚያው ተፈቀደልኝ። ከምርመራው የቀረው ለወጉ ያህል ነበር።

እስከ ዛሬ መልሱን የምፈልግለት አንድ ጥያቄ አለ፤ ያን ቀን መነሣት እችል ነበር? አላውቅም። አልሞከርኩትም። ልሞክረው የምችለው ያን ጊዜ ብቻ ነበር፣ አሁን እግሬን ብጠይቀው ስለዚያን ቀን የሚነግረኝ የለም። አስር አለቃ ጉዳዩን ሰምቶ፣ ‹‹አሁን ገና በደንብ ታመምክ!›› ብሎ ጀርባዬን መታኝ። እናቴ ስለ ጡረታው አንድም ቃል አልጠየቀችኝም።

‹‹ሲገቡ ተነሣህላቸው?›› አለችኝ።

‹‹አልተነሣሁም።››

ጋቢውን ከትከሻዬ ላይ አንሥታ ቀስ ብላ አጠፈችው። ‹‹እንግዲያው የእውነት ታመሃል›› አለች። እስከዚያን ቀን ድረስ አላመነችም ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ። ጥሩ ቀን ሲመጣልኝ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ አንዱ ከሩቅ፣ ‹‹ጡረተኛው ተሻለው እኮ!›› ሲል ያ የድሮ ፍርሃት ይመለስብኛል፣ እጄም ሳላዘው ምርኩዝ ይፈልጋል። ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ፣ በዚህ ካለፍክ እለምንሃለሁ፦ ሳልነሣልህ ብቀር አትቀየመኝ፤ ቆሜ ካገኘኸኝም ድኗል ብለህ አታውራብኝ።