መቶ ሜትርና የአባቴ ሰላምታ

ልጅ እያለሁ እግሬ ሸንበቆ ነበር። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈራችን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የሰፈሩ ልጆች አንስተው የማይጠግቡት ይህንኑ እግሬን ነበር። እኔም ዝም አልላቸውም፤ ጉልበቴ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ ከፈተ። ኦሮምኛን የለመደው ሳሙናና ላምባ በሚሸተው በዚያ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው። «አካም ጅርቱ» ብሎ ከጀመረ የሰውየውን ቤተሰብ፣ ከብቱንና ማሳውን አንድ በአንድ ሳይጠይቅ አይለቅም። ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው ልቡም አጭር ነው ይለን ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ የስፖርት አስተማሪያችን፣ በኦሮምኛ «መምህር» ለማለት ባርሲሳ ዳባ ነበር የምንላቸው፣ ለትምህርት ቤቱ ውድድር በሴቶች መቶ ሜትር መረጡኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ዳገት ሥር ያቆሙኝና ባለ በሌለ ኃይሌ ሽቅብ ያስሮጡኛል። ከዚያ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ሣሩ ላይ አርፋለሁ፣ እንደገና ሽቅብ። የባሕር ዛፉና ዝናብ የጠገበው አፈር ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ባቴ ጠጠረ፤ ውሃ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ጉልበቴ መንቀጥቀጡን ተወ። ሰው ሳያየኝ ጭኔን ጫን ጫን እያደረግሁ የራሴ መሆኑን አላምንም ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ሲያልፍ ሣሩ ላይ ተጋድሜ አገኘኝ። እሱ የሚያውቀው ሩጫ በሬዲዮ የሚከታተለው፣ ዙሩ እየተቆጠረ ሻይ የሚያስጠጣው ረጅሙ ሩጫ ነው። ይኼማ ጨዋታ ነው አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎኝ በማግስቱ በማለዳ ቀስቅሶ ወደ ጉቴ ከተማ የሚወስደውን ረጅም መንገድ አስያዘኝ። ሳምንቱን ሙሉ እሱ እየተራመደ፣ እኔ እየሶመሶምኩ ሄድን። ወደ ዳገቱ ስመለስ እግሬ እንደ እርሳስ ከበደ። ባርሲሳ ዳባ ሱቁ ድረስ መጥተው፣ ይህን እግር የሚያጠነክረው ፍጥነቱም እረፍቱም እንደሆነ አስረዱት።  በኋላ አባቴ ለእናቴ፣ «ስትሮጥ ሳላያት ምኑን አውቄው፣ የውድድሩ ቀን ሱቁን ዘግቼ እሄዳለሁ» አላት። አባቴ ለለቅሶ ካልሆነ ሱቅ ዘግቶ አያውቅም። ከዚያች ቀን ወዲያ ማሸነፉን ረሳሁት፤ የምፈልገው እሱ እንዲያየኝ ብቻ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። መስመሩ ላይ ሆኜ የሜዳውን በር በሩን ሳይ የአባቴ ነጭ ቆብ ብቅ አለ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ፊሽካው ተነፋ፤ ያን ቀን እግሬ የታዘዘልኝን ያህል ከዚያ በፊትም በኋላም ታዞልኝ አያውቅም። አንደኛ ወጣሁ። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ከአንድ ደንበኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ፣ ገና ስለ ላሞቹ እየጠየቀ ነው። ጨርሶ መጣና፣

«መቼ ነው የምትሮጪው?» አለኝ።

አለቀስኩ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ የሆነውን መናገር አልችልም። ከሰዓት ሱቁን ከፈተ፤ እስኪመሽ ድረስ ለገባው ሰው ሁሉ «አካም» ብቻ እያለ ዋለ።

ዛሬ ልጄ እግር ያጠነክራል ብላ አጭር ሩጫ ትሠራለች፣ እኔንም ታስተምረኛለች፣ የማላውቅ ይመስል። እያንዳንዷን ሩጫ በስልክ ታስቀርጻለች፤ ደግማ ታያታለች። የእኔን ማን ቀርጾት! አባቴ ግን፣ አሁን አርጅቷል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ሩጫ ይተርካል። እንዴት እንደተነሳሁ፣ ጉልበቴ እንዴት ከፍ ይል እንደነበር፣ ሁለተኛዋን ልጅ የቱ ጋ ጥያት እንደሄድኩ። ባርሲሳ ዳባን፣ አብረውኝ የሮጡትን ልጆች፣ እዚያ የነበረውን ሁሉ ሱቁ በገባ ቁጥር እየጠየቀ ለቃቅሞ ነው ያጠናው። አንዲት ነገር አይስትም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፤ ያን ቀን ከእሱ የበለጠ ያየኝ ሰው የለም።