ከኾሩ ወዲህ ወይስ ወዲያ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የት ተወለድሽ ላለኝ ሰው ሁሉ መልሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነበር፤ መተማ። እናቴ እንደዚያ ስላለችኝ ነው። እስካለፈው ዓመት ድረስ «መተማ የት?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ ኢቃማ ማሳደስ ፈተና ሆኗል። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው፤ ያለሱ ከገበያ ቤት መግባትም ያስፈራል። ረጅም ወረፋ ጠብቄ ስገባ አዲስ የመጣ መኮንን ፎርሜን ገለጥ ገለጥ አደረገና በዐረብኛ ጠየቀኝ።

«ከተማዋ ውስጥ ነው የተወለድሽው?»

«አይ፣ እርሻ ላይ። እናቴ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ትሠራ ነበር።»

«እርሻው የኛ ነው የናንተ?»

እውነቴን ነው፣ አስቤው አላውቅም። ፎርሙን መለሰልኝና «ከመተማ ወረቀት አምጪ፣ እህቴ» አለኝ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ በአውቶቡስ ከድንበሩ ወዲህ ያለችው ገላባት ደረስኩ፤ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ መተማ ቀበሌ ገባሁ። ጸሐፊው የእርሻውን ስም ሲሰማ ሳቀ።

«እሱማ እነሱ ጋ ነው። አንቺ እኛ ጋ አልተወለድሽም።»

«እነሱም ወደናንተ ነው የላኩኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ? የወለደችሽን ጠይቂያት።»

የወለደችኝ በገላባትና በገዳሪፍ መንገድ ላይ፣ ዶካ ነው የምትኖረው። ስመለስ እዚያው ወረድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ስትከትፍ አገኘኋት።

«እማ፣ እኔን የት ነው የወለድሽኝ?»

«መተማ ነዋ።»

«መተማ ሄጄ እኛ ጋ አልተወለድሽም አሉኝ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ማን ነው እሱ? መተማ ከየት እስከ የት እንደሆነ ለኔ ሊነግረኝ ነው?»

ለእሷና ለእድሜ አቻዎቿ መተማ ማለት ከተማዋ ብቻ አይደለችም። ከጭልጋ ቁልቁል ወርደው ወበቁ ፊታቸውን መምታት ከጀመረበት አንስቶ ሰሊጥ እስከሚታጨድበት መጨረሻ ድረስ ሁሉም መተማ ነው። ለገዳሪፍ ሰው ደግሞ ከዶካ ወዲያ ያለው አገር በሙሉ አንድ ስም ነው ያለው፤ ሑዱድ፣ ድንበር። ደንበኞቼ «ሑዱድ ሄጄ መጣሁ» ሲሉኝ የት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሁሉም የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

«ነገ ወስደሽ አሳዪኝ» አልኳት።

ማሽላ ሊጭን የሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፈርን። ሾፌሩ ስለ ጉዳያችን ሲሰማ ቀላል ነው አለ። «የሐበሻ ኔትወርክ ሲገባ ሐበሻ ገባን ማለት ነው።» ስልኩን መሪው አጠገብ አቆመልኝ። ኔትወርኩ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ሦስት ጊዜ አገር ቀየርን። እሱ ይስቃል።

እርሻው ዳር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አስቆመን። ጎንደሬ ነው፤ ለአጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ። ፊት ለፊታችን ኾር አለ፤ በክረምት ብቻ የሚፈስ፣ አሁን አሸዋው ብቻ የሚታይ ወንዝ።

«እትዬ፣ ከኾሩ ወዲያ አይለፉ» አላት እናቴን። «አሠሪዬ መሬቴ እስከዚያ ኮረብታ ነው ይላል። የማዶ ገበሬዎች ድንበሩ ይኸው ኾር ነው ይላሉ። የተሻገረ ሰው በጥይት ነው የሚጠየቀው።»

እናቴ በእጇ ወደ ማዶ አመለከተች። «እዚያ፣ ግራሩ ስር ነው።»

ማዶ አንድም ግራር አይታይም። ለከሰል ተቆርጦ አልቆ ዋልካው በትራክተር ተገላብጧል። ቆየት ብላ ወደ ኋላችን ዞረች። «ወይስ ወዲህ ነበር?»

«እማ!» ጮህኩባት። «ወዲህ ነው ወዲያ? አንዱን በይ!»

«ምጥ ላይ ያለች ሴት ድንበር ትለካለች እንዴ?» እሷም ጮኸች። «አጫጆቹ አገዳ አቁመው ከለሉኝ። አንዲት የወገራ ሴት እትብትሽን በማጭድ ቆረጠችው። ወዲህ ነሽ ወዲያ አላለችኝም። እንኳን ማርያም ማረችሽ ነው ያለችኝ። ሰዉ የኛ ሰው፣ ጾሙ የኛ ጾም። የኛ አገር ነው ያልኩሽ ለዚያ ነው።»

«ፎርም ላይ ጾም አይሞላም» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ጸጸተኝ፤ ግን አልመለስኩትም። ዘበኛው አንገቱን ደፋ። ሎሪው ማሽላውን ጭኖ ወደ ዶካ መለሰን። ስትወርድ እጇን ልይዝላት ብል ሾፌሩን ያዘች።

በሳምንቱ ገዳሪፍ ቢሮ ገብቼ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ለዚያው መኮንን ነገርኩት። መኮንኑ ጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባውን ጠየቀው። ባልደረባው «ያ የሐበሾች ነው» አለ። ከበሩ አጠገብ የቆመው ሦስተኛው ሰው ተቆጣ፤ «አባቴ ከብት ያገደበት መሬት እንዴት የሐበሻ ይሆናል?» አለ። አንዱ የኮረብታ ስም ይጠራል፣ ሌላው የውሃ ጉድጓድ ይጠራል። እኔን ረስተውኝ ተጨቃጨቁ። ከኋላዬ ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ።

በመጨረሻ መኮንኑ ተንፍሶ እስክሪብቶውን አነሳና የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ ጻፈ፤ ገላባት።

«ገላባት እኮ አንድ ቀን አድሬ አላውቅም!»

«ዝርዝራችን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

እፈልጋለሁ። ምን እላለሁ? ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። ስነግራት «ገላባት ማን አለኝና ነው እዚያ የምወልድሽ?» አለችኝ። ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የደወልኩት፤ ይቅርታውም ሳይነሳ ስልኩ ተቋረጠ። እሑድ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ማረችኝ፤ ስለ ኢቃማው ግን እስከዛሬ አታናግረኝም።

ባለፈው ሳምንት ኬላ ላይ አንድ ወታደር የኢቃማ ካርዴን ሲያነብ ፊቱ በራ። እሱም የገላባት ልጅ ኖሯል። «ከየትኛው ሰፈር? የእነማን ጎረቤት ናችሁ?» አለኝ። ሕፃን ሆኜ ነው የወጣሁት ብዬ ዋሸሁት። ካርዱን እያገላበጠ ትክ ብሎ አየኝ። በሚቀጥለው ጊዜ እንዳላፍር አሁን ከገላባት የመጡ ደንበኞቼን የሰፈሮቹን ስም እየጠየቅኩ አጠናለሁ።