የርቢ መጻሕፍት

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አክስቴ እንደምትለው ደግሞ «አሥራ አምስት ልትይዝ አንድ ክረምት የቀራት»። የተወለድኩት ከሮቢት ወዲያ ባለች ቀበሌ ነው። የኛ አገር ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቃል፤ የኔም ትምህርት እዚያው አለቀ። እናቴ ቆቦ ለምትኖረው አክስቴ «ታግዝሽ» ብላ ሰጠችኝ። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና ጨው የምትቸረችር ሴት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተመዝግባ ደብተር ቢሰጧት፣ እየገነጠለች በርበሬ ጠቅልላ ሸጠችበት። ምላሷ ግን ከማንም ፊደል ቆጣሪ ይረዝም ነበር።

ጎረቤታችን የሁለተኛ ደረጃው ላይብረሪ ኃላፊ ነበሩ። ከደጋ የመጡ ክርስቲያን፣ የመነጽራቸው ጆሮ በክር የታሰረ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ መምህር። አንድ ቀን በርበሬ ይዤላቸው ስሄድ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ሳነብ አገኙኝ። አልተቆጡም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ላይብረሪውን ትጠርጊልኛለሽ?» አሉኝ። «ከጠረግሽ በኋላ ያለው ሰዓት ያንቺ ነው።»

እንዴት አድርጌ እንደምጠርግ ባያችሁ! «አቧራው ገና አልተቀመጠም፣ አንቺ ተቀመጥሽ» ይሉኝ ነበር።

እዚያ አንድ ሽፋኑ የወለቀ ወፍራም ልብ ወለድ ይዤ ነበር። ያለ ፈቃዷ ልትዳር ስትል የጠፋች ልጅ ታሪክ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሃያ ገጽም አልገፋም፤ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር የማነበው። ልጅቱ ወንዝ ልትሻገር ታንኳ ላይ ወጣች። መሃል ውሃ ላይ ሲደርሱ መቅዘፊያው ተሰበረ። እዚያ ላይ ሰዓቱ አለቀና «ለቅዳሜ» ብዬ ከደንኩት።

ቅዳሜ ስሄድ መደርደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ።

የደርግ ዘመን ማብቂያው ገደማ ነው። ጦርነቱ ከሰሜን ወደኛ እየቀረበ መጥቶ የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ለቁስለኛ ማረፊያ ተፈለጉ። ትምህርቱ አልቆመም፤ ተማሪዎቹ በየዛፉ ጥላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። መጽሐፍ ግን ድንጋይ ላይ አያድርም። መምህሩ መጻሕፍቱን በጆንያ በጆንያ አድርገው ለሚያምኗቸው ቤቶች ሊያከፋፍሉ ተነሡ። የሒሳቡንና የሳይንሱን ሰው ተሻማበት። ልብ ወለዱን፣ የእንግሊዝኛ ማንበቢያውን፣ መዝገበ ቃላቱንና አንድ የሥዕል መጽሐፍ የያዙ ሁለት ጆንያዎች ተረፉ። ሸክሙን ያገዛቸው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው።

«መምህር፣ በጦርነት ጊዜ ተረት ምን ያደርጋል? ይኸን እንኳ ለማገዶ ቢሰጡት ይሻላል» አላቸው ላቡን እየጠረገ።

አክስቴ ከደጇ ሆና ሰማችው። «ጦርነት ነው ብለህ አንተ ወሬ ትተሃል? ሥራ ፈትተህ ስታወራ አይደል የምትውለው!» አለችው። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች። «እኔ ዘንድ ያኑሩት። እርስዎ በማርያም ይስጡኝ፤ እኔ በአላህ እቀበላለሁ። አማና ነው፤ የአላህ አደራ።»

መምህሩ አመስግነው ሰጧት። በሳምንቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደሴ ሄዱ።

እኔ በደስታ ሌሊቱን አልተኛሁም። ታንኳዋ ከነልጅቱ ቤታችን ገባች ማለት አይደል! ጠዋት አክስቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቆጡ ላይ ተንጠላጥዬ የጆንያውን አፍ ስፈታ፣ ለካ እንስራዋን ረስታ ተመልሳለች።

«ውረጂ።»

«እቴቴ፣ ማየት ብቻ እኮ ነው።»

«የሰው አማና አይታይም፣ አይነካም፣ አይፈታም! ሰውየው አፉን አስሮ ሰጠኝ፣ አፉን አስሬ እሰጠዋለሁ። ወላሂ እጅሽን እዚያ ላይ እንዳላገኘው!»

ከኔ የባሰው የተማሪዎቹ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ማትሪክ ደርሶባቸዋል፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያለው ደግሞ እኛ ቆጥ ላይ ነው። ሁለት ሴት ተማሪዎች መጥተው ለመኗት። በርበሬ ቆንጥራ ሰጥታ መለሰቻቸው። እኔም በየቀኑ እንጀራ እየበላሁ ቆጡን ሳይ፣ ልጅቱ መሃል ወንዝ ላይ መቅዘፊያ አጥታ እኔን የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። መጨረሻውን ሳላውቅ መምህሩ ተመልሰው ይወስዱታል፤ ደግሞ የሚመለሱ ከሆነ ነው! ካልተመለሱማ ዕድሜ ልኩን እዚያው ታስሮ መቅረቱ ነው።

ያዳነኝ ምስጥ ነው። አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ተሠርቶ ወደ ቆጡ ሲወጣ አየሁት።

«እቴቴ፣ ምስጥ!»

አክስቴ ራሷን ያዘች። የቆላ ሰው ከጅብ ይልቅ ምስጥ ይፈራል። የማሽላችንን ጎታ እንደምታደርገው ሁሉ ወዲያው ፈረደች፦ ይውጣ፣ ይናፈስ፣ ፀሐይ ይምታው። ከአፋር ነጋዴ የገዛችውን ሰሌን ግቢያችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ዘረጋሁ። ጆንያዎቹም ተፈቱ።

«ቅጠል በቅጠል አናፍሺ» አለችኝ። «አንዱንም እንዳትዘዪ። ተማሪዎቹን አላምናቸውም፤ አንቺ ተማሪ አይደለሽም።»

ያቺን ነገር ሌላ ጊዜ ብትለኝ አለቅስ ነበር። ያን ቀን ግን ደስ አለኝ። ያን ሽፋን የለሽ መጽሐፍ ፈልጌ አወጣሁና ማናፈስ ጀመርኩ። ታንኳው አልሰጠመም! ልጅቱ በመጎናጸፊያዋ ነፋስ ይዛ ወደ ዳር ገፋችው። አንዱ ቅጠል እስኪናፈስ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ጀመር።

«ከንፈርሽ ምን ይንቀሳቀሳል?» አለች አክስቴ በርበሬ እየለቀመች።

«ቅጠሉን እየቆጠርኩ ነው።»

«እሺ፣ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ።»

«ሠላሳ አንድ... ሠላሳ ሁለት...» ዓይኔ ግን መስመሩ ላይ ነው። ባለታንኳው ሒሳቡን ሲጠይቃት ልጅቱ «መቅዘፊያህን እኔ ነኝ እንዴ የሰበርኩት?» ስትለው ሳቄ አመለጠኝ።

አክስቴ በርበሬዋን አስቀመጠች። «ሠላሳ ሁለት ነው የሚያስቀው?»

ዋሽቼ አላመልጥም። ያን ጊዜ በረት ያለችው ላማችን እምቧ አለች፤ ነገሩም ከዚያው መጣልኝ። ላሟ የኛ አልነበረችም። የጎብዬ ሰው በርቢ የሰጠን ናት፤ ባለቤቱ እሱ ነው፣ እኛ እያበላን ወተቷን እንጠጣለን።

«እቴቴ፣ የጎብዬው ሰውዬ ላም አማና አይደለችም?»

«አማና ናት።»

«ታዲያ ለምን እናልባታለን?»

«ምን ማለትሽ ነው? ያልታለበች ላም ጡቷ ይታመማል። ባለቤቷም ይቆጣል።»

«መጽሐፍም ካልተነበበ ምስጥ ይበላዋል። መምህሩ ሲመለሱ የታመመ ልትሰጫቸው ነው?»

በርበሬውን አነሳች፣ አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

«ያ ረቢ፣ እናትሽ ምን ዓይነቷን ልጅ ላከችብኝ! እለቢ እንግዲህ። ግን ላም አልቦ ብቻውን የሚጠጣ የለም፤ ለኔም ቅጂልኝ።»

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩላት። ልጅቱ ከቤት ስትጠፋ አክስቴ በርበሬውን ትታ «ጎሽ!» አለች። በማግሥቱ ሁለቱ ተማሪዎች ተፈቀደላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሌሎችም መጡ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ላሟ ከበረት አትወጣም፤ ማንበብ ቁርቁራው ሥር ብቻ ነው። ልጃገረዶቹ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሲያጠኑ እኔ መዝገበ ቃላቱን ይዤ ቃል እፈልግላቸዋለሁ፤ በዚያው ቋንቋው ይገባኝ ጀመር። ከግቢያችን ሳልወጣ ፍየልና ማሽላ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አክስቴ ደግሞ የሥዕሉን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አንዲት የባዕድ አገር ገበሬ ሴት ሥዕል ላይ «ይችስ ወገቧን አሟታል፤ የሣላት ሰው አጭዶ ያውቃል» አለች። መድፉ ከሩቅ የሚሰማበት ቀን ነበር፤ አንባቢው ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ የሚነሣ አልነበረም። ልብስ ሰፊውም የስፌት መኪናውን አጥራችን ጥግ አስጠግቶ መስፋት ጀመረ።

«እዚህ ጥላው ይሻላል ብዬ ነው» አለ።

«በጦርነት ጊዜ ጥላ ምን ያደርጋል?» አለችው አክስቴ።

የልጅቱ ታሪክ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተሰብስቦ ቅጠሉን ብገልጥ ከእጄ አፈር ረገፈ። ምስጡ ለካ ከታች ገብቶ የመጨረሻዎቹን ስምንት ቅጠሎች በልቷቸዋል። እኔ ዕንባዬ መጣ። አክስቴ ግን ከኔ ብሳ ፊቷ ጠቆረ።

«አማናው ጎደለ» አለች ቀስ ብላ። «ምን ብዬ ልሰጠው ነው?»

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ማታ ራቷንም አልበላችም። ጠዋት ሁለቱን ተማሪዎች አስጠራቻቸው፤ ሁለቱም ቀደም ብለው አንብበውት ነበር።

«የተበላውን ንገሩኝ፤ ይች ትጽፈዋለች» አለች።

አንደኛዋ፣ ልጅቱ ማዶ ተሻግራ አስተማሪ ሆነች አለች። ሁለተኛዋ «የለም፣ ወደ እናቷ ተመለሰች እንጂ» ብላ ማለች።

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ላይ ቀና አለ። «ታግባ እንጂ! ባለታንኳው ምን ሊሆን ነው?»

«አንተን ማን ጠየቀህ? እጅጌህን ስፋ!» አለችው አክስቴ። «የጎደለ አማና ራሱ ይመለሳል እንጂ የፈለጉት ነገር አይተካበትም። እንዳወቁት ሁለቱንም ጻፊ። ማን ምን እንዳለም ጻፊ።»

ባለ መስመር ወረቀት ገዛችልኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እየጻፍኩ አነብላታለሁ፤ «እዚህ ላይ እናቷ ምን አለች? ዝም አትልም እኮ» እያለች ታስጨምረኛለች። ሲያልቅ አክስቴ ወስፌና የጆንያ ክር አምጥታ ወረቀቶቼን መጽሐፉ ላይ ሰፋቻቸው። ስፌቷ ከአታሚው ይጠነክር ነበር።

ጦርነቱ አልፎ መምህሩ ሲመለሱ አክስቴ ጆንያዎቹን አህያ ላይ ጭና ትምህርት ቤት ወሰደቻቸው። እኔም ተከተልኳት። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የተሰፋችውን ለመጨረሻ አቆየቻት።

«መምህር፣ ከዚች ላይ ምስጥ በልቷል። አፉ ይበሉኝ» አለች።

መምህሩ ቆመው የተሰፋውን ወረቀት ሁሉ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የዚች።»

«እንግዲህ ሁለት መጨረሻ ያለው መጽሐፍ አለን» አሉና ሳቁ። ከዚያ የላይብረሪውን ማኅተም አንሥተው እያንዳንዱ ወረቀቴ ላይ መቱበት። እኔንም «ቅዳሜ ትመጫለሽ፤ መጥረጊያው ይቅር» አሉኝ።

አክስቴ ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን በላይብረሪው በኩል ታልፍ ነበር። የበርበሬ ቁናዋን ደረጃው ላይ ታስቀምጥና «የኛይቱ አለች?» ብላ ትጠይቃለች። «ተማሪ ወስዷታል» ካሏት «የማን ልጅ ነው?» ትላለች። «አለች» ካሏት ቁናዋን አንሥታ ወደ ገበያዋ ትሄዳለች።