ለእናኑ የተመረጠው ዘፈን

ደብረ ታቦር አስረኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ የሙዚቃ ፕሮግራም የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ተማሪዎች ስልኬ ላይ እየደወሉ ዘፈን ያስመርጡኛል፤ እኔም በድምፅ ማጉያው እለቅላቸዋለሁ።

አንድ ቀን የማላውቀው ወንድ ደወለ። «ለእናኑ የሰርግ ዘፈን ልቀቂላት፤ አሁኑኑ!» ብሎ ዘጋብኝ። እናኑ ከእብናት መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የክፍሌ ልጅ ናት። ጓደኞቿ ሊቀልዱባት መስሎኝ ስሟን ጠርቼ ዘፈኑን ለቀቅሁት። በመስኮት ሳያት ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በጓሮው በር ሮጣ ወጣች።

ዘፈኑ ሳያልቅ አባቷ ዱላቸውን እንደያዙ የሚኒ ሚዲያውን ክፍል በር በርግደው ገቡ። ከኋላቸው አዲስ ኮት የለበሰ ጎረምሳ ቆሟል።

«ልድራት ከነእጮኛዋ ብመጣ ልጄ የለችም! ዘፈኑን ስትሰማ ነው የሮጠችው አሉኝ። ምን ተባብላችሁ ነው?»

«አባቴ ይመኑኝ፣ እኔ ምንም አላውቅም። ሰው ደውሎ ነው ያስመረጠኝ።»

«ማን?»

«ስሙን አልነገረኝም።»

«ውሸታም! አንቺው ነሽ የደበቅሻት!»

ዱላው ጠረጴዛውን ሲመታው ማይክሮፎኑ ወደቀ። ያ ጎረምሳ እንዲገላግለኝ ብዬ ባየው ፊቱ በላብ ርሷል፤ ቀና ብሎ ሊያየኝም አልፈለገ።

«እውነትሽን ከሆነ ደውይለት» አሉ አባቷ። «እኔው ራሴ አናግረዋለሁ።»

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

የእጮኛዋ ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።